ስለ ሚናማታ ወደብ መመረዝና መጽዳት የተሰጠ ንግግር



ባሕር ሰፊ ስለ ሆነ የጣሉበትን ሁሉ ውጦ ያስቀራል የሚል አሳብ በብዙ የወደብ ከተማ ይገኛል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን በከባድ ዋጋ ያስተማረችው በጃፓን አገር፥ በክዩሹ ደሴት የምትገኘው ሚናማታ ናት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያች ከተማ የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ ከ1932 እስከ 1968 ድረስ አሴታልዴይድ የተባለውን ኬሚካል በባዜቃ፥ ማለት በሜርኩሪ፥ አማካይነት ያመርት ነበር። ከዚሁ ሥራ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ይለቀቅ ነበር። መርዙ ግን በውሃው ብዛት አልጠፋም። ደቃቁን ፍጥረት ትንሹ ዓሣ፥ ትንሹን ትልቁ፥ ትልቁንም ሰው ሲበላው፥ ከአንዱ ወደ ሌላው በተላለፈ ቁጥር ኃይሉ እየበረታ ሄደ።

የባሕሩን ዓሣ የሚበሉት ድመቶች ሲንቀጠቀጡና ሲንገዳገዱ ታዩ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። በሜይ 1 ቀን 1956 የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ሆሶካዋ ምክንያቱ ያልታወቀ የአንጎል በሽታ መነሣቱን ለአካባቢው ጤና ጣቢያ አስታወቁ። መንግሥት ግን የበሽታው ምክንያት የፋብሪካው ፍሳሽ መሆኑን በይፋ ያረጋገጠው በ1968 ነው። በእነዚህ 12 ዓመታት መዘግየት የተጎጂው ቁጥር ጨመረ፤ በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ የተመረዙ ሕፃናትም ተወለዱ። በሕግ የታወቁት ሕሙማን ብቻ ከ2,200 ይበልጣሉ።

ወሽመጡን የማጽዳት ሥራ ከ1977 እስከ 1990 ቆየ። 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህለው የተመረዘ ጭቃ ከፊሉ በመምጠጫ መሣሪያ እየተሳበ፥ ከፊሉም በተኛበት ታጥሮ፥ በላዩ ንጹሕ አፈር ተደለደለ። በዚህም 58 ሄክታር አዲስ መሬት ሲገኝ፥ ወጪው 48.5 ቢሊዮን የን ያህል ሆነ። የተመረዘው ዓሣ እንዳይወጣ በ1974 የተዘረጋው መረብ የተነሣው፥ የኩማሞቶ አገረ ገዢ ዓሣው ለመብል የማያሰጋ መሆኑን በ1997 ካስታወቁ በኋላ ነው።

ዛሬ በዚያ መሬት ላይ መናፈሻ አለ። ከሥሩ ያለው መርዝ ግን ተቀበረ እንጂ አልጠፋም፤ ስለዚህ ግድቡን የመጠበቁ ሥራ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕዳ ነው።

እንግዲህ የወደብ ንጽሕና የሚጠበቀው ከባሕሩ ወለል ሳይሆን ከፍሳሹ መውጫ ነው። ሹሙ የፋብሪካውን ቱቦ አስቀድሞ ቢመረምር፥ ዓሣ አጥማጁም «የባሕሩ ነገር ተለውጧል» ሲል በጊዜው ቢሰማ፥ አንድ ትውልድ የሚፈጀው ድካም ይቀራል፤ ከሁሉም በላይ በገንዘብ የማይተካው የሰው ጤና ይድናል።