አንድ ገጽ፥ ሁለት በር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለድረ ገጽ ሠሪዎች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ጥቅሙም ጉዳቱም የሚደርሰው ከባለጉዳዩና ከጸሐፊው ዘንድ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያዎቹን በድረ ገጽ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ሁለት በር ያበጃል። አንደኛው ለሕዝብ የተከፈተ ነው፤ አድራሻውም «ማስታወቂያዎች» ነው እንበል። ሁለተኛው ለሠራተኞች የተጠበቀ ሲሆን፥ ከፊቱ አንድ ቃል ተቀጥሎበት «አስተዳደር/ማስታወቂያዎች» ይባላል። ይህን ከፊት የሚቀጠል ቃል የስም ክልል ልንለው እንችላለን። በሁለቱም በር የሚታየው መዝገብ ግን አንድ ነው።

ብዙ ሠሪዎች ለየበሩ ገጹን እየገለበጡ ያኖራሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ቅጂዎች እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ውሎ አድሮ ግን የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን የሚታይበት መስመር ባንዱ ሲጨመር በሌላው ይረሳል። ጸሐፊው ቀኑን በራሱ ገጽ አይቶ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ባለጉዳዩ ግን ያላየው ቀን ያልፍበታል።

ለዚህ መድኃኒት ካበጁት መሣሪያዎች አንዱ ዴቪድ ሃይንማየር ሃንሰን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ያወጣው ሩቢ ኦን ሬይልስ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው 3.1 እትሙ የገጽ ውርስን አመጣ። ይኸውም ጥያቄውን የተቀበለው የፕሮግራም ክፍል ገጹን አስቀድሞ በራሱ ማኅደር ይፈልጋል፤ ካጣው ከወላጁ ማኅደር ይወስዳል። ስለዚህ የአስተዳደሩ ክፍል የሕዝቡ ክፍል ወራሽ ቢሆን፥ አንድ ጊዜ የተጻፈው ገጽ ለሁለቱም ያገለግላል፤ በራሱ ማኅደር የሚያኖረው የሚለይበትን ብቻ ነው።

ነገር ግን ገጹን ማጋራት ብቻውን አይበቃም። በገጹ ላይ ያለው ሊንክ አንዱን አድራሻ ብቻ የሚያውቅ እንደ ሆነ፥ ማስታወቂያ ሊያርም የገባው ሠራተኛ ሳያስበው በሕዝቡ በር ይገኛል፤ ወይም ባለጉዳዩ ከተዘጋ በር ፊት ይቆማል። ስለዚህ በሊንኩ ላይ የተወሰነ አድራሻ አይጻፍም፤ የበሩ ስምና መዝገቡ ተሰጥተውት ሬይልስ አድራሻውን ከሁለቱ ያቀናብራል። ለሕዝቡ በር መዝገቡ ብቻውን ይበቃል። የበሩንም ስም ገጹ አይገምትም፤ ጥያቄውን የተቀበለው ክፍል ይነግረዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፤ ገጽን መጋራት ሥልጣንን መጋራት አይደለም። «አርም» የሚለውን ሊንክ ከሕዝቡ ዓይን መሰወር አድራሻውን በእጁ የሚጽፈውን ሰው አይከለክልም። ፈቃድ የሚመረመረው በበሩ ላይ፥ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ ለመሥሪያ ቤትዎ ድረ ገጽ ሲሠራ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ገጹ ስንት ቦታ ተጽፏል? ሊንኩ የገባሁበትን በር ያውቃልን? በበሩስ ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ አለን? ለሦስቱ በቂ መልስ ከተገኘ፥ ጸሐፊው ያየውን ቀን ባለጉዳዩም ያየዋል።