ሳይቃጠል በቅጠል፦ የባሕር ዓሣና የመንግሥታት ድጎማ



እ.ኤ.አ. በጁላይ 1992 የካናዳ መንግሥት በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ «ኮድ» የተባለውን ዓሣ ለንግድ ማስገርን አገደ። ለዘመናት የማያልቅ ይመስል የነበረው ሀብት በግዙፍ መርከቦች ያለ ልክ ተዝቆ ተሟጦ ነበር። 30 ሺህ ያህል ሰዎች ሥራቸውን አጡ። ለሁለት ዓመት ተብሎ የተጣለው እገዳ የተነሣው በ2024 ነው።

አደጋው የአንድ ጠረፍ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከመጠን በላይ የተሰገሩት የባሕር ዓሣ ክምችቶች ድርሻ በ1974 ከነበረበት 10 በመቶ በ2021 ወደ 37.7 በመቶ አሻቅቧል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ድጎማ ነው። መንግሥት የነዳጁን ወጪ ሲሸፍን ኪሳራ የነበረው የሩቅ ጉዞ አዋጪ ይሆናል፤ ዓሣው ቢመናመንም መርከቡ ከባሕር አይወጣም። የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት በ2022 የተቀበሉት ስምምነት ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 በሥራ ላይ ውሏል። ስምምነቱ ለሕገወጥ አስጋሪዎች የሚሰጥ ድጎማን ይከለክላል፤ የመርከቦችን አቅም ያለ ልክ የሚያሳድገውን ድጎማ ግን ለቀጣይ ድርድር ትቶታል። ይህን የሚሞላ ድንጋጌ በአራት ዓመት ውስጥ ካልጸደቀ፣ የድርጅቱ ጠቅላላ ምክር ቤት ሌላ ካልወሰነ በስተቀር፣ ስምምነቱ ራሱ ይፈርሳል።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች መንግሥታቸው ለማን፣ ስንት፣ ለምን እንደሚደጉም በይፋ እንዲያሳውቅ ሊያስገድዱ ይገባል። ገንዘቡም ከነዳጅ ወደ ክምችት ጥናት፣ ወደ ቁጥጥርና ወደ አነስተኛ አስጋሪዎች ይዙር። ዓሣው ካለቀ በኋላ የሚወጣ ሕግ የሚጠብቀው ባዶ ባሕር ነው።