ከ«ልዩ ልዩ ወጪ» ወደ «የአባላት ጤና»
(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስለሆነ ቁጥሩን አንድ በአንድ አናነብላችሁም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ መስመር ብቻ ነው። «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው ሥር «የዜማ ሰዓት፦ የከበሮ ጥገና፣ ቡና፣ የልጆች ጠባቂ አበል» የሚል አለ። ስለ መጪው ዓመት በጀት ስንወያይ «የተቋቋምነው ለቁጠባና ለብድር ነው፤ ዘፈን ምን ያደርግልናል? ይቅር» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የአባላት መዋጮና የደጋፊዎች እርዳታ ስለሆነ እያንዳንዱ ብር ለምን እንደወጣ መልስ ሊኖረን ይገባል። መልሳችን ይኸው።

እናቶቻችን ዜማን ከኑሮ ለይተው አያዩትም ነበር። ልጅ ሲያለቅስ እሹሩሩ ይላሉ፤ ወፍጮ ላይ ቁጭ ብለው ያንጎራጉራሉ፤ ሲወለድ እልልታ፣ ሲሞት ሙሾ ነው። አንዲት ሴት ለባሏም ለአማቷም የማትናገረውን በእንጉርጉሮ ታወጣው ነበር። ዛሬ እህሉን ወፍጮ ቤት እናስፈጫለን፤ እሰየው፣ ወገባችን ዐርፏል። ከቀድሞ ሰፈራችን ተነሥተን ኮንዶሚኒየም የገባን ደግሞ የጎረቤታችንን ስም ሳናውቅ ዓመት ይሞላናል። ሸክሙ ግን አልቀረም። የጠፋው መውጫው ነው።

የዜማ ሰዓታችን ቁጠባው ተሰብስቦ ደብተሩ ከተፈረመ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን። ዓይን አፋሯም ብትሆን ተቀባይ ለመሆን አትቸገርም፤ ስለ ራሷ ተናገሪ የሚላት የለም፤ ድምፅዋ ግን ከእኛ ጋር ነው። ባለፈው ዓመት ከአራስ ቤት የወጣች አንዲት እህታችን ገንዘቧን አስገብታ፣ ፈርማ፣ ከኋላ ወንበር ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ቆይታም እንቅልፍ እንዳጣችና ልጇን ማቀፍ እንደከበዳት ለአጠገቧ ሴት ነገረቻት። ሁለት አባላት ይዘዋት ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዛሬ ሕክምናዋን እየተከታተለች ነው። ይህን ለመናገር ፈቃዷን ሰጥታናለች።

ይህ የእኛ ሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም። በጋምቢያ ካኜሌንግ የሚባሉ የሴቶች ቡድኖች አሉ። መውለድ ያልቻሉ ወይም ልጅ የሞተባቸው ሴቶች ተሰባስበው ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። ተመራማሪዎች እንዲህ ካሉ ቡድኖች ጋር ሆነው 124 ነፍሰ ጡር ሴቶችን አጠኑ፤ 50ዎቹ በሳምንት አንድ ቀን ለ6 ሳምንታት አብረው ዘፈኑ። በዘፈኑት ላይ የጭንቀትና የድብርት ምልክቶች ቀንሰው ተገኙ። በእንግሊዝም ከወሊድ በኋላ ድብርት በተሰማቸው 134 እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ምልክቱ በጠናባቸው እናቶች ዘንድ፣ ለ10 ሳምንታት በቡድን የዘፈኑት የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት ቀድመው ተሻላቸው።

ይህን ስንል ከበሮ መድኃኒትን ይተካል ማለታችን አይደለም። የታመመች ትታከም። የዜማ ሰዓት ሥራው ሴቲቱ ሳትርቀን፣ ችግሯም ሳይጠና እንድንደርስላት ነው። ለዚህም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተነጋግረናል።

ሌላው የተነሣው ጉዳይ እምነት ነው። ከመካከላችን ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም አለን። ስለዚህ መዝሙሩንም መንዙማውንም ለየቤተ እምነቱ ትተን እሹሩሩንና ራሳችን የገጠምነውን ይዘናል። በዐቢይ ጾም ከበሮው ይሰቀላል፤ በድምፅ ብቻ እናንጎራጉራለን። በረመዳን ሰዓቱን ለአፍጥር እንዲመች እናደርጋለን። ሐዘን ላይ ያለች አባል ስትኖር አስቀድመን እሷን እንጠይቃለን። መቀመጥ ብቻ የምትፈልግም ትቀመጥ፤ ቡናው የሁላችን ነው።

እኛ የሂሳብ ሰዎች ወጪን በስሙ መጥራት ልማዳችን ነው። አንድ ወጪ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ከተደበቀ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። በዓመቱ ከወጣው ውስጥ ትልቁ የልጆች ጠባቂዋ አበል ነው፤ እሱም ቢቀር ሕፃን ያላት እናት፣ ማለትም ይበልጥ የምንፈልጋት፣ መምጣት አትችልም።

ስለዚህ ጉባኤውን የምንጠይቀው ተጨማሪ ገንዘብ አይደለም። የዜማ ሰዓት ከ«ልዩ ልዩ ወጪ» ወጥቶ «የአባላት ጤና» በሚል ርዕስ የራሱ መስመር ይሰጠው፤ በየሩብ ዓመቱም እንደ ማንኛውም ወጪ ሪፖርት ይቅረብበት። ደጋፊዎቻችንም ደረሰኙን ብቻ ከማየት አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ከእኛ ጋር ተቀበሉ።

ድምፅ እንድትሰጡበት በአክብሮት እንጠይቃለን።