የስኳር መድኃኒቱና የጭንቀቱ ሆርሞን
(በሳይንስ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ የቤት ጉዳይ ነው። ከእኛ መካከል የአንዱ እናት ደሴ ይኖራሉ፤ የስኳር ሕመም ካደረባቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ሰውነታቸውም ወፈር ያለ ነው። የሚወስዱት ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ነው። በቀደም የጎረቤት ልጅ ከስልኩ ላይ፣ ይህ መድኃኒት በወፍራም ሰው ላይ የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል የሚል ወሬ አንብቦ ቢነግራቸው፣ «እኔ ደግሞ ጭንቀት መች አነሰኝ!» ብለው ኪኒኑን ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ልጃቸው ይህን የሰማው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ወሬው ሐሰት ነው ብለን ልንመልስላቸው አስበን ነበር። ነገር ግን መርምረን ብናየው ሐሰት ሆኖ አላገኘነውም። ችግሩ ያለው «ይጨምራል» በሚለው ቃል ነው፤ የት ነው የሚጨምረው? በምንስ ተለክቶ?

ስለ ሆርሞኑ ባጭሩ እንናገር። ኮርቲዞል የሚመነጨው በኩላሊቶቻችን አናት ላይ ከተቀመጡት ዕጢዎች ነው። ጧት ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ይላል፤ ሕመም ወይም ድንጋጤ ሲመጣ ይበዛል። ከሥራዎቹም አንዱ ጉበትን ስኳር እንዲሠራ መቀስቀስ ነው። ይህ ሆርሞን ያለ ልክ የበዛበት ሰው ፊቱና ሆዱ ይወፍራል፣ እጅና እግሩ ይቀጥናል፣ ስኳርም ሊከተለው ይችላል፤ ሐርቪ ኩሺንግ በ1932 (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የገለጠውና ዛሬም በስሙ የሚጠራው ሕመም ይኸው ነው። ስለዚህ ተራው ውፍረትም የኮርቲዞል ሥራ ይሆናል ብለው የጠረጠሩ ብዙዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ የወፍራም ሰዎች ደም ሲመረመር ኮርቲዞሉ ባብዛኛው ከሌላው ሰው በልጦ አይገኝም።

ምሥጢሩ የተገኘው ከደም ውጭ ነው። ኮርቲዞል ኮርቲዞን ወደሚባል የማይሠራ መልክ ይለወጣል፤ በጉበትና በስብ ውስጥ ያለ አንድ ኤንዛይም ደግሞ መልሶ ሕያው ያደርገዋል። (የኤንዛይሙ ስም 11-ቤታ-ኤችኤስዲ-1 ነው፤ እኛ ግን ለጆሮ እንዲቀል «መላሹ» እንለዋለን።) በ1948 ለመገጣጠሚያ ሕመምተኞች የተሰጠው ኮርቲዞን ሊያሽላቸው የቻለው መላሹ ስለ ሠራ ነው። በ1997 የኤድንበራ ተመራማሪዎች መላሹ የሌላቸውን አይጦች ቢያወፍሩ፣ ስኳራቸው እንደ ሌሎቹ አልወጣም። በ2001 ደግሞ ቦስተን ላይ በስባቸው ውስጥ መላሹ የበዛላቸው አይጦች ሆዳቸው ወፍሮ ስኳር ያዛቸው። በወፍራም ሰዎችም ዘንድ መላሹ በስብ ውስጥ ከፍ፣ በጉበት ውስጥ ግን ዝቅ ብሎ ይገኛል። እንግዲህ የደም ምርመራ ብቻውን ይህን ሁሉ አያሳይም።

አሁን ወደ ወሬው ምንጭ እንምጣ። በ2016 ከኤድንበራ የወጣው ጥናት 16 ወፍራም ወንዶችን ያዘ፤ ስምንቱ ስኳር ያለባቸው፣ ስምንቱ የሌለባቸው። ሁሉም በየተራ፣ ለ28 ቀን ሜትፎርሚን፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ኪኒን ወሰዱ፤ ስኳር ያለባቸው ግሊክላዛይድ የሚባለውንም ተጨማሪ ሞከሩ። የአለካኩ ዘዴ እጅግ ስላስደነቀን በሰሌዳው ላይ ሥለነዋል። አራት ከባድ ሃይድሮጅን የተሰካበት ኮርቲዞል በደም ሥር ይሰጣል። ወደ ኮርቲዞን ሲለወጥ ከአራቱ አንዱ ይወልቃል። መላሹ ሲመልሰው የሚሰካበት ተራ ሃይድሮጅን ነው። ስለዚህ ሦስት ምልክት ብቻ ይዞ የተገኘ ኮርቲዞል ሁሉ በመላሹ እጅ ያለፈ ነው። አራት ቦታ በጆሮው የተበሳ በግ ከአንድ በር ሲወጣ አንዱ ቀዳዳ እንደሚደፈንበት ቁጠሩት፤ ሲመለስ ቆጣሪው ያውቀዋል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሜትፎርሚን በሚወሰድበት ጊዜ፣ ስኳር ባለባቸውም በሌለባቸውም፣ የመላሹ ሥራ ከአስመሳዩም ሆነ ከግሊክላዛይድ ጊዜ ይልቅ ጨምሮ ተገኘ። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱም የሜትፎርሚን ዋና ሥራ ጉበት ስኳር እንዳያመርት መግታት ነው። በአንድ እጁ ልጓሙን እየሳበ በሌላው አለንጋውን ያቀብላል ማለት ነው። ልጓሙ ግን ይበረታል። በ1998 በታላቋ ብሪታንያ የታተመው ረጅም ጥናት፣ አዲስ ስኳር ከተገኘባቸው ወፍራም ሰዎች መካከል በሜትፎርሚን የታከሙት፣ በምግብ ጥንቃቄ ከታከሙት ይልቅ የሞት አደጋቸው በ36 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

የ2016ቱ ጥናት የለካው የሆርሞንን መመለስ ነው፤ የልብን ጭንቀት አልለካም። በ16 ወንዶችና በ28 ቀን ደግሞ ስለ አንዲት የደሴ እናት መፍረድ ድፍረት ነው፤ አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችበትም!

እኒያ እናት ይህን ሁሉ በስልክ ከሰሙ በኋላ ወደ ሐኪማቸው ሄደው ኪኒናቸውን ቀጠሉ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ «ታዲያ ያንን መላሽ የምትሉትን የሚያስር መድኃኒት አይሠሩም?» ተመራማሪዎቹም የጻፉት ይህንኑ ሐሳብ ነው። ሜትፎርሚን ለሚወስዱ ሰዎች እንዲህ ያለ መድኃኒት ተጨምሮ ተሞክሮ ነበር፤ በ2010 የታተመው ውጤት ስኳሩ በመጠኑ መውረዱን ያሳያል፤ ሆኖም ለስኳር ሕመም ተብሎ ገበያ ሳይደርስ ቀረ። ለእናቲቱም የመለስንላቸው ይህንኑ ነው።

ሥዕሉን ለመቅዳት የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ከሰሌዳው ላይ አናጠፋውም።