«የአባት ዕዳ ለልጅ»፤ የሟች ወላጅ ዕዳ በሕግ ፊትና በሐዘን ቤት



«የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» የሚለውን ተረት የማያውቅ በመካከላችን አይኖርም። አፍንጫን ማጽዳት የእጅ ግዴታ እንደሆነ ሁሉ፣ የወላጅን ዕዳ መሸከምም የልጅ ግዴታ ነው ይላል። በዛሬው ንግግሬ ይህ አባባል ከውርስ ሕጋችን ጋር የት እንደሚስማማ፣ የትስ እንደሚለያይ አሳያለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 826 የሟች መብትና ግዴታ፣ በሞቱ የሚቋረጡት ሲቀሩ፣ ወደ ወራሾቹ እንደሚተላለፍ ይደነግጋል። ይህን ድንጋጌ ብቻ ያነበበ ሰው ሕጉ ከተረቱ ጋር የተስማማ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቁጥር 942ንና ተከታዩን ስናነብ ሌላ ሥዕል እናገኛለን። ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ የሟች ንብረት ከወራሾች የግል ንብረት የተለየ፣ ራሱን የቻለ ሀብት ሆኖ ይቆያል። የውርሱ ገንዘብ ጠያቂዎች መብታቸውን የሚያስከብሩት በዚህ ሀብት ላይ ነው፤ የወራሹን ደመወዝ ወይም የግል ቤት ሊነኩ አይችሉም። በአንጻሩም የወራሹ የግል ገንዘብ ጠያቂዎች በውርሱ ሀብት ላይ እጃቸውን አያሳርፉም።

የሕጉ አርቃቂ ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ እንደነበሩ ይታወቃል። በፈረንሳይ ሕግ ግን ውርስን ያለ ገደብ የተቀበለ ወራሽ በመርህ ደረጃ በግል ንብረቱ ጭምር ለዕዳው ይጠየቃል። የእኛ ሕግ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ መርጧል።

በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት እናት 300,000 ብር የሚያወጣ ንብረትና 500,000 ብር ዕዳ ትተው ቢሞቱ፣ ልጆቻቸው ምንም አይወርሱም፤ የቀረውን 200,000 ብር ግን ከኪሳቸው እንዲከፍሉ አይገደዱም።

የአከፋፈሉን ቅደም ተከተል ቁጥር 1014 ይወስናል። የቀብር ወጪ ይቀድማል፤ ቀጥሎ የውርሱ ማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ ቀለብ ይከተላሉ፤ በኑዛዜ የተሰጡ ልዩ ስጦታዎች የመጨረሻዎቹ ናቸው። የቀብር ወጪ ቀዳሚነት የሚያገኘውም ከሟች የኑሮ ደረጃ ጋር ሲመጣጠን ነው። የተዝካር ወጪ በቀብር ወጪነት አይቆጠርም። ስለዚህ ለአርባው ድንኳን ተክሎ፣ ሰንጋ ጥሎ፣ ጠላ ጠምቆ የደገሰ ልጅ ወጪውን ከገንዘብ ጠያቂዎች አስቀድሞ ከውርሱ ሊቀንስ አይችልም። በእስልምና የውርስ ሥርዓትም ከቀብር ወጪ በኋላ ዕዳ ሳይከፈል ኑዛዜ አይፈጸምም፤ ድርሻም አይከፋፈልም።

ልጅ ከራሱ ሀብት የሚከፍልበት ሁኔታ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ለወላጁ ብድር በዋስትና የፈረመ ልጅ በራሱ ፊርማ ይጠየቃል። በመያዣ የተያዘ ቤት ወደ ወራሹ ቢተላለፍም መያዣው አብሮት ይሄዳል፤ አበዳሪው ባንክ ቤቱን ሊያሸጥ ይችላል። በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛም ለቤተሰቡ ጥቅም በተገባ ዕዳ ይጠየቃል፤ ይህ ግን የሚመነጨው ከጋብቻው እንጂ ከውርሱ አይደለም።

አሁን ወደ ሐዘን ቤት እንግባ። ለቀስተኛ በተሰበሰበበት የበኩር ልጅ ተነሥቶ «አባቴ ዕዳ ካለበት እኔ እከፍላለሁ» ይላል። ይህ ቃል ያስገድደዋልን? በቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግምት አይቋቋምም፤ በግልጽ መሰጠትና ከፍተኛው የገንዘብ መጠን መወሰን አለበት። የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆንም ሕጉ ያዛል። በእኔ አመለካከት በእንባ መካከል የተነገረ፣ መጠኑ ያልታወቀ የቃል ተስፋ እነዚህን መመዘኛዎች አያሟላም።

ያም ሆኖ ልጁ ሊከፍል ይችላል፤ የሟችን ስም ከሐሜት ማዳን በማኅበረሰባችን ትልቅ ዋጋ አለው። እኔም አትክፈሉ አልልም። ሕጉ ግን እዚህ ላይ ጥሩ ልዩነት ያደርጋል። ያልነበረበትን ግዴታ አለብኝ ብሎ የከፈለ ሰው በመርህ ደረጃ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል፤ ግዴታ እንደሌለበት እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ግን አይችልም። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ዕውቀት ነው። አውቆ የከፈለ ልጅ ለወላጁ ክብር ሰጥቷል፤ ሳያውቅ በይሉኝታና በማስፈራሪያ የከፈለ ግን የራሱን ልጆች ጥሪት አሳልፎ ሰጥቷል።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ መደምደሚያ እወስዳለሁ። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ውርስን ማጣራት አይደለም። ማስረጃው ማን ወራሽ እንደሆነ ይናገራል፤ ሟች ምን እንደነበራቸውና ምን እንደነበረባቸው የሚታወቀው በማጣራት ነው። ሳይጣራ የተከፋፈለ ውርስ ሁለቱን ሀብቶች ያደባልቃል፤ ዘግይቶ የሚመጣ ገንዘብ ጠያቂ ወራሾቹን በደረሳቸው መጠን ሲጠይቅ የደረሳቸውን ለይቶ ማስረዳት ይቸግራል። ያን ጊዜ ወንድም ከእህት ይካሰሳል፤ ገንዘብ ጠያቂውም ይጉላላል።

እናንተ የነገ ዳኞች፣ ጠበቆችና ውርስ አጣሪዎች ናችሁ። ከዚያ በፊት ግን የየቤታችሁ ልጆች ናችሁና፣ በሐዘን ቀን ይህን ለቤተሰብ በትሕትና የሚያስረዳ ሰው ቢፈለግ ከእናንተ የተሻለ አይገኝም።