መኪናን ገልብጦ ስለ ማደስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 እኔ በዚህ ግቢ ተምሬ የወጣሁ ስሆን፣ ዛሬ የምተዳደረው በመኪና አካል ሥራ፣ ማለት በባቲላሜራነት ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር ብዬ ርእሴን «መኪናን ገልብጦ ማደስ» አልሁት። ርእሱን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ደንገጥ ሳትሉ አልቀራችሁም፤ በአገራችን መኪና ተገለበጠ ሲባል ልቅሶ እንጂ ሥራ ትዝ አይለንምና። እኔ ግን የምነግራችሁ መኪና በጋራዥ ውስጥ በሥርዓት ቢገለበጥ፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ልቅሶ ሊቀንስ እንደሚችል ነው።

እንደምታውቁት መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ እኛን አልፎ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርድና ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን ይሻገራል። ክረምቱ ብርቱ ነው፤ ጭቃውም እንዲሁ። ጭቃው በመኪናው ሆድ፣ በፓራፋንጎው ውስጥና በሻሲው ጥግ ይለጠፋል፤ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከውስጡ እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል። ብረትም የሚዝገው ውሃና በአየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ባንድነት ሲያገኝ ነው። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ፣ ሁለት ላሜራዎች በተጋጠሙበት መካከል ከገባ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ያለያያቸዋል።

ባለ መኪናው ግን የሚያየው ላይ ላዩን ነው። ኮፋኖውና በሩ ካብረቀረቁለት ደስ ይለዋል። አንዳንዱ ሠራተኛም ይህን ስለሚያውቅ፣ የዛገውን ቆርጦ በማውጣት ፈንታ በስቱኮ ይደፍነውና ቀለም ይቀባበታል። ጥቂት ቆይቶ ቀለሙ ውሃ እንደ ቋጠረ ቁስል ያብጣል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ዝገቱ የተደበቀው የወንበሩ ቡሎንና የደኅንነት ቀበቶው በታሰሩበት ወለል ላይ ከሆነማ፣ ነገሩ የውበት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ለምሳሌ ብዙዎቻችሁ የምታውቋትን ፎልስዋገንን እንመልከት። ይህች መኪና ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዘች ናት፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በፎልስዋገን ነበር። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፣ የመጨረሻይቱ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ ተሠርታ ወጣች። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እስከ ዛሬ የሚሄዱት እንግዲህ ሁሉም ያረጁ ናቸው። የዚህች መኪና ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ ሲፈስስ ወለሉን ይበላዋል። በሁለቱም ጎን ከበሩ ሥር የሚያልፉት እንደ ሣጥን ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ብረቶች የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት ያመጣሉ፤ አካሉንም አጥብቀው ይይዛሉ። ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚዝጉት ግን እነዚሁ ናቸው። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያያት ሰው ይህ ሁሉ አይታወቀውም።

ታዲያ ይህን የተሰወረ ክፍል እንዴት እናግኘው? በብዙ ስፍራ የሚደረገው መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ድንጋይና እንጨት ደግፎ፣ በጀርባ ተኝቶ ከሥር መግባት ነው። እኔም ሥራውን ስጀምር እንዲሁ ነበር የለመድሁት። አንድ ቀን ታላቄ የሆነ ሠራተኛ ከፒካፕ ሥር ተኝቶ ሲበይድ እኔ መብራት ይዤለት ነበር። ክሪኩ የቆመበት መሬት ዝናብ ያራሰው ኖሮ ተንሸራተተ፤ መኪናውም ወረደ። ያን ሰው ያዳነው ከጎኑ አጋድመነው የነበረ አንድ ቸርኬ ነው። ከሥር ሲወጣ ሳቀ፤ እጁ ግን እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ከብረት ሥር ከሚገባ ብረቱ ወደ ሰው ቢዞር ይሻላል እያልሁ አስብ ጀመር።

ለዚህ ችግር የተበጀ መሣሪያ አለ። በውጭ አገር ሮቲሰሪ ይሉታል፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ፣ ሥጋ በዘንግ ተሰክቶ እየተሽከረከረ የሚጠበስበትን ምድጃ ያስታውሳል። እኛ «ማገላበጫ» ብንለው ይበቃል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ጠንካራ የብረት ቋሚዎች አንዱ ከመኪናው ፊት፣ ሁለተኛው ከኋላ ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ቋሚ ራስ ላይ ወፍራም ቱቦ ይበየዳል፤ በውስጡም ጥቂት የሚቀጥን ሌላ ቱቦ ገብቶ ይሽከረከራል። ከዚህ ከሚዞረው ቱቦ የተዘረጉት ክንዶች ፓራውልቱ በነበረበት ስፍራ ከአካሉ ጋር በቡሎን ይታሰራሉ። ሁለቱ ቋሚዎች ወዲያና ወዲህ እንዳይሸሹ ከታች በረዥም ብረት ይያያዛሉ። በዚህ አኳኋን የተንጠለጠለው አካል በጎኑም በጀርባውም ይዞራል።

የሥራው ምሥጢር ሚዛን ነው። ዘንጉ በአካሉ የክብደት ማዕከል በኩል ካለፈ፣ ከ2 እስከ 3 ኩንታል የሚመዝነውን ባዶ የትንሽ መኪና አካል አንድ ሰው በእጁ ያዞረዋል። ዘንጉ ከማዕከሉ በላይ ከሆነ አካሉ ለማዞር ይከብዳል፤ ሲለቁትም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዘንጉ ከማዕከሉ በታች ከሆነ ደግሞ አካሉ ራሱ ይከብድና በድንገት ተሽከርክሮ ሰው ይመታል። ስለዚህ ክንዶቹ ከፍና ዝቅ የሚሉ መሆን አለባቸው። እዚህ በወሎ፣ በመቅደላ ላይ ያለውን ሰባስቶፖልን አስታውሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ያን ከባድ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያወጡት ገደሉን እያስቆፈሩ፣ መንገዱን እያስጠረጉ ነው። ከባድ ብረት ጉልበት ላለው ብቻ አይታዘዝም፤ አስቀድሞ ላሰናዳለት ሰው ግን ይታዘዛል።

መሰናዶውም እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ ባትሪው ይነሣል፤ የነዳጁ ታንክ ወጥቶ ከሥራው ስፍራ ይርቃል። ሞተሩ፣ ማርሹ፣ መስታወቱ፣ ወንበሩና በሩ ይወልቃሉ፤ እያንዳንዱ ቡሎን ከየት እንደ ወጣ ይጻፍበታል። ቀጥሎ የበሩ ክፍተት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለካል፤ ልኩም በደብተር ይያዛል። ከዚያም አካሉ እንዳይጣመም በየበሩ ክፍተት ባለ ማዕዘን ብረት ተበይዶ ይደገፋል። ከበሩ ሥር ያሉት ተሸካሚ ብረቶች ክፉኛ የተበሉ ከሆነ፣ አካሉ መሬት ላይ በደንብ ተደግፎ አንዱ ጎን ከተጠገነ በኋላ ሌላው ይጠገናል እንጂ፣ እንደ ታመመ ተንጠልጥሎ አይገለበጥም። ጀርባው የተሰበረ ሰው በክንዱና በእግሩ ተይዞ እንደማይነሣ ሁሉ ማለት ነው። ላንድክሩዘርና ፒካፕ ግን ሻሲያቸው ለብቻው ስለ ሆነ አካሉ ከሻሲው ተነሥቶ ለየብቻ ይሠራሉ።

አካሉ ወደ ተፈለገው ጎን ከዞረ በኋላ፣ ወፍራም የብረት ካስማ በቀዳዳው ገብቶ ሳይቆልፈው ማንም ሰው አይጠጋውም። አዲስ የተሠራ ማገላበጫም ሰው ሳይቀርበው አስቀድሞ በሸክም ይፈተናል።

ከዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው ጥቅም ምንድን ነው? በያጁ ቀና ብሎ በእሳት ፍንጣሪ ፊቱን ከማስመታት ይድናል፤ ሥራውን ከፊቱ አድርጎ ቆሞ ይሠራል፤ ብየዳውም ያምራል፣ ይጠነክራልም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል። የዝገት መከላከያ ቀለሙ እስከ መጋጠሚያው ጥግ ይደርሳል፤ በባዶዎቹ ብረቶች ውስጥ የሚጨመረውም ቅባት አካሉ ሲዞር ወደ ሁሉም ጥግ ይፈስሳል። ነገር ግን ውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ መጠንቀቅ ያሻል።

ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። እንግዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን መሥራታቸው አይቀርም። እነዚህን በስቱኮ እየደፈንን ቁልቁለት እንለቃቸዋለን ወይስ ሆዳቸውን ገልብጠን አይተን እናድናቸዋለን? ማገላበጫው በውድ ገንዘብ ከውጭ የግድ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ መበየጃ፣ ወፍራም ቱቦና የሠለጠነ እጅ ባለበት ሁሉ ይሠራል። የክብደትን ማዕከል የፊዚክስ መምህራችሁ ያስተምሯችኋል፤ ልኩን ሒሳብ፣ ዝገቱን ኬሚስትሪ ያስረዷችኋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እጁ ዘይት ነክቶ ቢመጣ አትዘኑ። እናንተም ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህም ሆነ በሌላ ሙያ ብትሰማሩ ሰው የማያየውን ክፍል አሳምራችሁ ሥሩ። ላዩን ባለቤቱ ያየዋል፤ ሥሩን ግን የሚያየው ሠራተኛው ብቻ ነው፤ ተሳፋሪውም የዐባይን ቁልቁለት የሚወርደው በእርሱ ታምኖ ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ያፍራ እያልሁ ንግግሬን እዚህ ላይ እፈጽማለሁ።