ወርቅ፣ ብርሃንና የወባ ምርመራ



ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ተቀምጦ ስለ ወባ መናገር እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ከፍታው ለትንኟ አይስማማትምና። ሆኖም ከመተማ ወይም ከጋምቤላ የተነሣ መንገደኛ ትኩሳቱን ይዞ ኮተቤ ሊደርስ ይችላል።

በጤና ጣቢያ የሚጠብቀው ፈጣን መመርመሪያ፣ ርካሽ ቢሆንም፣ ናኖ ቴክኖሎጂ ነው። መስመሩን የሚያቀልሙት በብዛት ጥቂት አሥር ናኖሜትር ስፋት ያላቸው የወርቅ ቅንጣቶች ናቸው። ወርቅ እንዲህ ሲደቅ ቢጫነቱን ይተዋል፤ ኤሌክትሮኖቹ ከብርሃኑ ጋር እየተወዛወዙ 520 ናኖሜትር ገደማ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጡ ለዓይናችን ቀይ ሆኖ ይታያል። ቅንጣቶቹ የተሸከሙት ፀረ እንግዳ አካል ኤችአርፒ2 የተባለውን የጥገኛውን ፕሮቲን ሲይዝ በመስመሩ ላይ ይከማቻሉ።

ችግሩ ከፊዚክሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር ማይክሮባዮሎጂ የታተመ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምንዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ይህ ምርመራ ከፋልሲፓረም ወባ ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉን እንደሚስት ገምቷል፤ ጥገኛው ፕሮቲኑን የሚሠራበትን ዘረ መል ጥሏልና። ወርቁም ብርሃኑም አለ፤ የሚያዘው ግን የለም።

እንግዲህ መስመሩ ባይታይም የመንገደኛው ደም በጊምሳ ቀለም ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ይታይ። አለዚያም ኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይም የሚይዝ መመርመሪያ አለ፤ ጥገኛው ከስኳር ኃይል የሚያገኘው በዚህ ኢንዛይም ስለሆነ በቀላሉ አይጥለውም።